መጀመሪያ ይነጋገሩ፣ ከዚያ ይጻፉ፦ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች ታሪክን እንዴት ይረዱታል?

የአንድ የ5ኛ ክፍል ተማሪ ደብተር ገለጥ አድርጋችሁ እዩ። «ታሪክ ማለት የሰው ልጅ ያለፈ ድርጊት የሚጠናበት የትምህርት ዘርፍ ነው» የሚል ነገር አታጡም። ጽሕፈቱ ያምራል። ከሥሩ በቀይ እስክርቢቶ ተሰምሮበታል። ልጁን «ይሄ ምን ማለት ነው?» ብትሉት ግን ያንኑ ዓረፍተ ነገር በቃሉ ይወጣላችኋል። ሌላ የሚለው የለውም። «መንስኤ»፣ «ለውጥ»፣ «ማስረጃ»፣ «ሥልጣን» የሚባሉትም እንደዚሁ ናቸው። ደብተሩ ላይ አሉ፤ ልጁ አፍ ላይ የሉም።

ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ልጅ ስለሆነ ነው፣ ረቂቅ ነገር አይገባውም» ይላል። እኔ አልስማማም። ልጁ ስለ ሐሳቡ ከማንም ጋር አልተነጋገረም። በራሱ ቃል አንድ መስመር አልጻፈም። ትርጉሙ ከሰሌዳ ተገልብጦ ትምህርቱ አለቀ። ቅደም ተከተሉን ብናዞረው፣ ማለትም ጥያቄው ቢቀድም፣ ወሬው ቢከተል፣ ከዚያ ልጁ ቢጽፍ፣ ትርጉሙ ደግሞ መጨረሻ ላይ ቢመጣ፣ የ9 እና የ10 ዓመት ልጅ ከምንገምተው በላይ ርቆ ይሄዳል።

ክርክሩ አዲስ አይደለም። ስዊዘርላንዳዊው ዣን ፒያዤ ከ7 እስከ 11 ዓመት ያሉ ልጆች የሚያስቡት በሚጨበጥ ነገር ላይ ተመሥርተው ነው ብሎ ነበር። ከዚያ ተነሥተው ብዙዎች «ታሪክ ለትልልቆቹ ይቆይ» አሉ። አሜሪካዊው ጀሮም ብሩነር በ1960 እ.ኤ.አ. ተቃራኒውን ተከራከረ። የትኛውም ትምህርት፣ እውነቱ ሳይዛባ፣ ለየትኛውም ዕድሜ በሚመጥን መልክ ሊቀርብ ይችላል አለ። በኋላም በእንግሊዝ አገር ፒተር ሊ እና ባልደረቦቹ ከ7 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆች ስለ መንስኤና ስለ ማስረጃ እንዴት እንደሚያስቡ አጠኑ። አንዳንድ ትንንሽ ልጆች በዕድሜ ከሚበልጧቸው ከአንዳንዶቹ የተሻለ ሐሳብ ይዘው ተገኙ። ዕድሜ ብቻውን ወሳኝ አለመሆኑን የሚያሳይ ነው።

በእኛ አገር አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ታሪክን ለብቻው አያስተምርም። አካባቢ ሳይንስና ግብረ ገብ ውስጥ ገባ ገባ ብሎ ነው የሚገኘው። 7ኛ እና 8ኛ ክፍል ላይ ኅብረተሰብ ሳይንስ ይመጣል። በስሙ «ታሪክ» የሚባል ትምህርት የሚጀመረው 9ኛ ክፍል ነው። ይህ በራሱ መጥፎ አይመስለኝም። ልጁ ከአካባቢው ይጀምር መባሉ ትክክል ነው። ችግሩ አካባቢውም ቢሆን የሚገለበጥ ማስታወሻ መሆኑ ነው። ደሴ ተቀምጦ ስለ ደሴ ኖት መገልበጥ ያሳዝናል።

ከጊዜ እንጀምር። ለትንሽ ልጅ «ድሮ» ሁሉም ነገር የሚከተትበት አንድ ጆንያ ነው። የወሎው ንጉሥ ሚካኤልም፣ ጣሊያንም፣ ደርግም፣ አባቱ ትምህርት ቤት የሄደበት ዘመንም አብረው ይገባሉ። «ምኒልክ ስልክ ነበራቸው?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ክፍሉ ይስቅበታል። ሊሳቅበት አይገባም። ስልክ ወደ አገራችን የገባው በእሳቸው ዘመን ነው። ልጁ የትኛው ነገር ከየትኛው ጋር በአንድ ዘመን እንደኖረ እየጠየቀ ነው። የታሪክ ሰዎችም ሥራዬ ብለው የሚጠይቁት ይህንኑ ነው።

«ከ90 ዓመት በፊት» የሚለው ቁጥር ለ10 ዓመት ልጅ ምንም አይነግረውም። ሰው ግን ይነግረዋል። ልጁ በ2008 ተወለደ እንበል። አያቱ በ1957 ተወለደች። በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ የ20 ዓመት ወጣት ነበረች። የአያቱ እናት በ1928 ሕፃን ነበረች። ኅዳር 26 ቀን 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ከተማዋ ውስጥ ነበሩ። ልጁ በሦስት ሰው ብቻ እዚያ ቀን ላይ ደረሰ። አንድ ገመድ በክፍሉ ግድግዳ ላይ ተወጥሮ፣ ልጆቹ የቤተሰባቸውን ሰው በወረቀት ጽፈው ቢሰቅሉበት «ዘመን» የሚባለው ነገር መልክ ይይዛል።

ከዚያ የቤት ሥራው ይመጣል። «አያታችሁ ልጅ እያሉ ሰፈራችሁ ውስጥ ምን ነበረ? ምን አልነበረም?» በማግስቱ የሚመጣው መልስ አይስማማም። በመሐል ደሴ ያለው የአራዳ ሰፈር ልጅ «መብራት ነበረ» ይላል። ከከተማዋ ዳር ያለው የጢጣ ልጅ «አልነበረም» ይላል። መምህሯ ቶሎ ገብተው ካልዳኙ ልጆቹ ራሳቸው ይከራከራሉ። ለውጥ በሁሉም ቦታ እኩል አይደርስም የሚለው ሐሳብ የሚወለደው ከዚህ ክርክር ነው። ስለ ለውጥ ከዚህ በላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ልጆች ቶሎ ይይዙታል።

የሚከብደው መንስኤ ነው። መጻሕፍት መንስኤን ነጥብ በነጥብ ይዘረዝራሉ። ልጁም ሦስቱን ነጥብ ይሸመድዳል። አንዱ ነጥብ ሌላውን እንዴት እንደጎተተው ግን አይጠየቅም።

ለወሎ ልጅ ከ1965 እና 66ቱ፣ ከዚያም ከ1977ቱ ረሃብ የበለጠ ቅርብ የሆነ ምሳሌ የለም። በየቤቱ የሚነገር ነው። «ሰው ለምን ተራበ?» ብትሏቸው «ዝናብ ስለጠፋ» ይላሉ። ልክ ነው፤ ግን አላለቀም። ሁለተኛውን ጥያቄ አስከትሉ፦ «በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ያለ ሰው እንጀራ አይበላም ነበር?» ይበላ ነበር። «ደሴ ገበያ ላይስ እህል አልነበረም?» እዚህ ላይ ክፍሉ ዝም ይላል። ይህ ዝምታ ጥሩ ዝምታ ነው።

በኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኘው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን የ1966ቱን የወሎ ረሃብ ሲያጠና የደሴን የእህል ዋጋ አይቶ ነበር። ዋጋው ሰው የሚጠብቀውን ያህል አልናረም። እንዲያውም ከወሎ ወደ ውጭ የወጣ እህል ነበር። ገበሬው ሰብሉ ሲጠፋበት የሚበላውም የሚሸጠውም አብሮ ጠፋ። ገበያ ላይ እህል ቢኖርም መግዣ አልነበረውም። ይህን ለ10 ዓመት ልጅ መንገር ይቻላል። «አንድ ኩንታል ጤፍ ሱቅ ውስጥ አለ፤ አንተ ግን ሳንቲም የለህም» ማለት ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ የንጉሡ መንግሥት ረሃቡ እንዳይሰማ ሞክሯል። በ1977 ደግሞ ጦርነት ነበር፤ ከወሎ ብዙ ሕዝብ በሰፈራ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ መተከል ተወስዷል። ከልጆቹ መካከል እዚያ ዘመድ ያለው አይጠፋም።

ይህን ሁሉ ከተነጋገሩ በኋላ ልጆቹ እስክርቢቶ ያንሡ። ረጅም ድርሰት አይጠየቁ። ሦስት ያላለቁ ዓረፍተ ነገሮች ሰሌዳ ላይ ይጻፉ፦ «በወሎ ዝናብ ጠፋ፣ ስለዚህ…»፤ «በወሎ ዝናብ ጠፋ፣ ነገር ግን…»፤ «ገበሬው እህል ሊገዛ አልቻለም፣ ምክንያቱም…»። የመጀመሪያው ውጤትን ይጠይቃል። ሁለተኛው ያልተጠበቀውን ነገር እንዲያስብ ያስገድደዋል። ሦስተኛው ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ሦስቱን የሞላ ልጅ ድርቅና ረሃብ አንድ እንዳልሆኑ ገብቶታል። ድርቅ ከሰማይ ነው፤ ረሃቡ ላይ ግን የሰው እጅ አለበት። አሁን «መንስኤ ማለት…» ብሎ ትርጉሙን ሰሌዳ ላይ መጻፍ ይቻላል። ልጁ ትርጉሙን የሚያስገባበት ቦታ አዘጋጅቷል።

የኮምቦልቻ ልጆች የራሳቸው ምሳሌ አላቸው። እስከ 1990 ድረስ የአገሪቱ ዋና ወደብ አሰብ ነበር። ከባድ መኪናው ከአሰብ በሚሌና በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ይገባ ነበር። በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ያ መስመር ተዘጋ፤ ጭነቱ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ልጆቹ የድሮ ሾፌር፣ ጎሚስታ፣ ምግብ ቤት የነበራቸው እናት ይጠይቁ። «በ1990 ሥራችሁ ላይ ምን መጣ?» በሩቅ ድንበር የተነሣ ጦርነት ኮምቦልቻ መንገድ ዳር ያለ ምድጃ ጋ እንዴት እንደሚደርስ ያያሉ። እኔ ይህን ርዕስ እወደዋለሁ። መልሱ መጽሐፍ ውስጥ የለም፤ ሰዎቹ ግን አሁንም በሕይወት አሉ።

ማስረጃ ደግሞ ሌላው ከባድ ሐሳብ ነው። ልጆች «መጽሐፉ ላይ አለ» ወይም «አያቴ ነገሩኝ» ካሉ ነገሩ አበቃ ብለው ያስባሉ። የከተማቸው የምሥረታ ትረካ ለዚህ ጥሩ መለማመጃ ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚህ ሰፍረው ሳለ ሰማይ ላይ ጅራታም ኮከብ አይተው፣ በዚያ ተደስተው ከተማ ለመመሥረት ወሰኑ ይባላል። ልጆቹ ይጠየቁ፦ ይህን ማን ነገረን? የነገረን ሰው እዚያ ነበር? ከሌላ ቦታ የሚያጣራልን ነገር ይገኛል?

ይገኛል። በመስከረም 1882 እ.ኤ.አ.፣ በእኛ 1875 መባቻ ማለት ነው፣ በጠራራ ፀሐይ ሳይቀር የሚታይ ታላቅ ጅራታም ኮከብ በብዙ የዓለም ክፍል ታይቷል። የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች መዝግበውታል። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ «እንግዲያው እውነት ነው!» ብለው ይጮኻሉ። መምህሯ የሚያስፈልጉት እዚህ ጋ ነው። መዝገቡ ያረጋገጠው ምንድን ነው? ኮከቡ መኖሩን። ንጉሠ ነገሥቱ ማየታቸውን አረጋገጠ? አላረጋገጠም፤ አይተውት ሊሆን ግን ይችላል። ከተማዋን የመሠረቱት በዚያ ምክንያት ነው? ይህ ይነገራል፤ መዝገቡ ግን ስለሱ ምንም አይልም። ልጆቹ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይጽፋሉ። አንዱ በ«ታይቷል»፣ አንዱ በ«ሳይሆን አይቀርም»፣ አንዱ በ«ይባላል» ያልቃል። የእርግጠኝነት ደረጃ የሚባለውን ነገር በሦስት መስመር ጨረሱት። ይህን መለየት የቻለ ልጅ ነገ በስልኩ የሚመጣለትን ወሬ ሁሉ እንዳለ አይውጥም።

ዕቃም ይጠየቃል። ደሴ ውስጥ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አይጠየፍ የሚባል የግብዣ አዳራሽ አለ። ልጆች ሲጎበኙት ስፋቱን ያደንቃሉ፤ ጉብኝቱ በዚያ ያልቃል። አንድ ጥያቄ ብቻ ይጨመር፦ እዚህ ለተጋበዘው ሰው ሁሉ የሚሆነው እህልና ከብት ከየት መጣ? ማን አመጣው? ሳያመጣ ቢቀርስ? «ሥልጣን» እና «ግብር» የሚባሉት ቃላት ሥጋ የሚለብሱት በዚህ ጥያቄ ነው። የደሴ ሙዚየምም በ2014ቱ ጦርነት ዘረፋና ጉዳት ደርሶበታል። ይህም ሌላ ጥያቄ ያነሣል። አንድ ቅርስ ከጠፋ በኋላ እዚያ እንደነበረ በምን እናውቃለን?

አሁን መምህራን የሚፈሩት ጋ እንምጣ። አንድን ድርጊት ከሁለት ወገን ማየት። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ሰገሌ ላይ በተደረገው ጦርነት ንጉሥ ሚካኤል በሸዋ ጦር ተሸንፈው ተማረኩ። ከአንድ ወር በፊት ልጃቸው ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወርደው ነበር። ያ ቀን ለሸዋ መኳንንት የድል ቀን ነው። ወሎ ውስጥ አባቱ ከዘመቻው ላልተመለሰለት ልጅስ? በጥንድ ተነጋግረው፣ አንዱ ከሸዋ አንዱ ከወሎ ሆኖ፣ ስለዚያው ቀን ሁለት ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ቀኑ አንድ ነው፤ ታሪኩ ግን ሁለት ሆኖ ይወጣል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለኝ። «አንተ ንጉሥ ሚካኤል ነህ፤ ደብዳቤ ጻፍ» ዓይነት ሥራ ብዙም አልወድም። ልጁ ስለማያውቀው ሰው ልብ ወለድ መፍጠር ይጀምራል። ከሚያውቀው ማስረጃ ሳይርቅ ቢጽፍ ይሻላል።

ደሴ አቅራቢያ የተካሄደው የቦሩ ሜዳው ጉባኤ የባሰ ስሱ ነው። በ1870 ዐፄ ዮሐንስ የቤተ ክርስቲያኑን የሃይማኖት ክርክር በተዋሕዶ ወገን ቋጩ፤ የወሎ ሙስሊሞችም እንዲጠመቁ ታዘዘ። ከዚያ በኋላ መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ። በአንድ ዴስክ ሙስሊምና ክርስቲያን ልጅ አብረው በሚቀመጡበት ክፍል መምህሩ ይህን በሁለት መስመር ዘለውት ቢያልፉ አይገርመኝም። ግን መዝለሉ አይበጅም። ልጆቹ ከሌላ ሰው ይሰሙታል፤ ያውም ተቆጥቶ ከሚያወራ ሰው። በክፍሉ «ማን ትክክል ነበር?» ተብሎ አይጠየቅ። «ንጉሠ ነገሥቱ አንድ ሃይማኖት ለምን የፈለጉ ይመስላችኋል? የታዘዘው ሰው ምን ምን ምርጫ ነበረው?» ይባል። ለመስማት ሥርዓት ደግሞ ከሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በወሎ አበጋር የሚባሉት አስታራቂ ሽማግሌዎች ሁለቱን ወገን ሳይሰሙ ቃል አይሰጡም። ልጆቹ ይህን ከቤታቸው ያውቁታል። ተራ ጠብቆ መናገር፣ የተቃራኒውን ሐሳብ ደግሞ «እንዲህ ነው ያልከው?» ብሎ ማረጋገጥ፣ ከዚያ የራስን መናገር። ለ4ኛ ክፍል በቂ ሕግ ነው።

«60 ልጅ ባለበት ክፍል ውይይት?» የሚል መምህር እውነት አለው። ፔሬዱ 40 ደቂቃ ነው። ፈረቃ አለ። ክፍሉ ይጠባል። ለዚህ ነው ትልቅ ውይይት የማላነሣው። በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ፍራንክ ላይማን በ1981 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ቀላል ዘዴ አለ። ልጁ መጀመሪያ ለብቻው ያስባል፤ ከዚያ ከጎኑ ካለው ጋር ያወራል፤ ከዚያ ጥቂቶች ለክፍሉ ይናገራሉ። ዴስክ ማንቀሳቀስ አያስፈልግም። በሁለት ደቂቃ ውስጥ 60ው ልጅ ሁሉ ተናግሯል ወይም ሰምቷል። በእኛ አገር የለመድነው አንድ ለአምስት የሚባለው የቡድን ሥራ ብዙ ጊዜ ሌሎቹ የአንዱን ጎበዝ መልስ የሚገለብጡበት ሆኖ ይቀራል። ለዚህ ሥራ ጥንድ ይበልጣል። ከባቲ ወይም ከከሚሴ መጥቶ ቤቱ ኦሮምኛ የሚናገር ልጅም ኮምቦልቻ ክፍል ውስጥ ካለ፣ በጥንዱ ጊዜ በሚቀናው ቋንቋ ያውራ። ሐሳቡ ይያዝ፤ አማርኛው በጽሑፉ ጊዜ ይደርሳል።

ሌላ አንድ ነገር አለ። ወጪ የለውም፤ ግን ይከብዳል። ጠይቆ መጠበቅ። ሜሪ በድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ መምህራን ከጠየቁ በኋላ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚጠብቁ አገኘች። ጊዜው ወደ ሦስት ሰከንድ ሲረዝም የልጆቹ መልስ ረዘመ፤ ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር ጀመሩ። ሦስት ሰከንድ ክፍል ውስጥ በጣም ረጅም ነው። ልምምድ ይጠይቃል። ግን «ለምን?» የሚል ጥያቄ በአንድ ሰከንድ አይመለስም።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ተቃውሞ ሌላ ነው። ልጆቹ ማንበብ አይችሉም የሚለው። የዓለም ባንክ በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት በኢትዮጵያ 10 ዓመት ላይ ከደረሱ ልጆች ወደ 90 በመቶ የሚሆኑት ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም። በአማራ ክልል ደግሞ ክልሉ ከ2014ቱ ጦርነት ሳያገግም ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ደሴና ኮምቦልቻ ክፍል ውስጥ ከሌላ ወረዳ ተፈናቅሎ የመጣ፣ የዓመት ሁለት ዓመት ትምህርት ያለፈው ልጅ ይኖራል። ታዲያ እነዚህን ልጆች ጻፉ ማለት ይቻላል? በእኔ እምነት እነሱ ናቸው በይበልጥ የሚያስፈልጋቸው። ማንበብ ያቃተው ልጅ ማሰብ አላቃተውም። ሐሳቡን በአፉ ካወጣ በኋላ የሚጽፋት አንዲት ዓረፍተ ነገር የራሱ ናት፤ መልሶ ሊያነባት ይፈልጋል። ከሰሌዳ የገለበጠውን ግማሽ ገጽ ግን መልሶ የሚያይበት ምክንያት የለውም። እርማቱም አይከብድም። በቀን 10 ደብተር፣ አንድ ነገር ብቻ እየፈለጉ ማየት ይበቃል፦ ልጁ ምክንያት ሰጥቷል ወይስ አልሰጠም? የፊደል ግድፈቱ ሌላ ቀን ይታያል።

ስለ ቅርቡ ጦርነት አንድ ቃል። አሁን የ10 ዓመት ልጅ ደሴና ኮምቦልቻ በጥቅምት 2014 ሲያዙ 6 ዓመት ገደማ ነበር። ያስታውሳል። «ያየኸውን ጻፍ» ብሎ ክፍል ውስጥ ማስገደድ ልጁን ይጎዳዋል። ራሱ ካነሣ ይደመጥ፤ ካላነሣ አይቆስቆስ። በ1928 ስለተደበደበችው ደሴ ሲነጋገሩ አንዳንዱ ልጅ በራሱ ጊዜ ወደ 2014 ይሻገራል። ያኔ መምህሯ «የፈለገ ይጻፍ፤ ጮክ ተብሎ አይነበብም» ቢሉ በቂ ነው።

ይህ ሁሉ በአንድ መምህር ጥረት ብቻ አይጸናም። የ6ኛ እና የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና በምርጫ ጥያቄ እስከተሞላ ድረስ ወላጅም ርዕሰ መምህርም «ኖቱን ጨርሱ» ማለታቸው አይቀርም። ትልቅ ለውጥ አልጠይቅም። በትምህርት ቤት ደረጃ ባለው የሴሚስተር ፈተና ላይ አንዲት የጽሑፍ ጥያቄ ትግባ። ለምሳሌ ለ5ኛ ክፍል፦ «በወሎ ድርቅ ረሃብ የሆነው ለምን ይመስልሃል? ከቤትህ የሰማኸውን አንድ ነገር ጨምረህ በሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፍ።» አምስት ማርክ ይሰጣት። የደሴ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ዕጩ መምህራንም ለልምምድ ክፍል ሲገቡ እነዚህን መልሶች ሰብስበው ቢያነቡ፣ ልጆቹ የት ጋ እንደሚደናቀፉ ከማንም በፊት ያውቃሉ፤ የሚቀጥለው ዓመት ጥያቄም ከዚያ ይወጣል።